ክቡር ዳኛ በሆዳቸው ተኙ

እኛ የድሮ አባቶች «ልጅ አሳደግን» ስንል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ድምፃችን ሞላ፣ ደረታችን ነፋ ይላል። ሰርግ ላይ ቆመን «አራት ልጅ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ...» እያልን ስንናገር፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሚስቶቻችን አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ነጠላው ቀድሞም የተስተካከለ ነው። ግን ወይ ነጠላ ማስተካከል ነው፣ ወይ መሳቅ ነው፤ ሰርግ ላይ ደግሞ በባል አይሳቅም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔ አራቱንም ልጆቼን ያሳደግኳቸው በሩቁ ነው። ጠዋት ስወጣ ተኝተዋል፤ ማታ ስገባ እንዲተኙ ተደርገዋል፤ በመካከሉ አደጉ። ሕፃን የሚባለውን ፍጥረት የማውቀው እንደ ጎረቤት አገር ነበር። መኖሩን አውቃለሁ፣ ጩኸቱን እሰማለሁ፣ የረበሸ ጊዜም ሪፖርት ይደርሰኛል፤ ድንበሩን ተሻግሬ ግን አላየሁትም። ታቅፌ ከሆነም ለፎቶግራፍ ነው። ብልጭታው እንዳለፈ «እንኪ ያዢው» ብዬ እመልሳለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ያዘው» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ምን እመልስላት እንደነበር ታውቃለቻ። «ነገ ችሎት አለኝ» ነው የምላት።

ችሎት ደግሞ በእውነት ነበረኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አንኮበርና አካባቢው በዳኝነት ነው። ስገባ ሰው ብድግ ይላል፤ ስቀመጥ ይቀመጣል፤ ሳስል እንኳ የሚናገረው ሰው ንግግሩን ያቋርጣል። ይህ ነገር በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ቀስ እያለ፣ የሚነሱት ለወንበሩ ሳይሆን ለራስህ ይመስልሃል። ጡረታ ወጥቼ ሻይ ቤት ስገባ ማንም እንደማይነሳ እስክለምድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሁለተኛው ዓመት ላይ አስተናጋጁ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። ጠጋ አልኩ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ አንኮበር ያለው ቤት ሰፋብኝ። ልጄ ብሩክ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ በቴክኒሻንነት ይሠራል፤ ሚስቱ መሠረት የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ሶልያና ስትወለድ «መጥተው ይዩዋት፣ እግረ መንገድዎንም ያግዙናል» አሉኝ። ለአንድ ሳምንት ብዬ አንዲት ሻንጣ ይዤ መጣሁ። ሻንጣዋ እስካሁን ቁም ሣጥኑ ላይ ናት።

«ያግዙናል» የተባለውን በተቻለኝ መጠን ፈጸምኩ። እንዴት መሰላችሁ? የደብረ ብርሃንን ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት ውጪ የረሳችሁት ባልዲ ጠዋት ክዳን አውጥቶ ይጠብቃችኋል፤ በረዶ ነው ክዳኑ። በእነ ብሩክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፀሐይ የሚገባባት አንዲት መስኮት ናት ያለችው፣ ሳሎን ውስጥ። እኔም አንዱን ደህና ወንበር አንሥቼ መስኮቷ ሥር አስቀመጥኩ። ጋቢዬን ለበስኩ፣ ትንሿን ሬዲዮኔን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ተቀመጥኩ። እገዛዬ ይኸው ነው። ሶልያና በስተግራዬ፣ ፍራሿ ላይ፣ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ለፖስታ ቤት እንደተዘጋጀ ዕቃ ሦስት ጊዜ ተጠቅልላለች፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ያ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው። ሬዲዮው ዜና ያወራል፣ እኔ ለዜናው መልስ እሰጣለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች። ዓይኗን አትነቅልም። «ይህች ልጅ ሰው ታውቃለች» አልኩ በልቤ። በልቤም አልቀረ፤ ለእህቴ፣ ለሦስቱም ልጆቼ፣ ለአንድ ሁለት የቀድሞ ባልደረቦቼም ደውዬ ተናገርኩ። «ከእናቷ ይልቅ እኔን ነው የምታየው» ብዬ።

ሦስት ወር አልፏት ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ብዙነሽ ሊጠይቁ መጥተው ልጅቱን አቀፏት። እትዬ ብዙነሽ ስድስት ወልደው ያሳደጉ፣ እውነተኛውን ማሳደግ ማለቴ ነው፣ ሴት ናቸው። መዳፋቸውን ወደ ልጅቱ ራስ ኋላ ሰደድ አደረጉና ቆም አሉ። እንደገና ዳሰሱ።

«መሠረት፣ የልጅቱ ራስ በስተቀኝ በኩል ምነው ለጥ አለ?»

 መሠረት ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቆቧን አወለቀች፤ ሁላችንም ከላይ ሆነን አየን። ከኋላ በስተቀኝ፣ ሰው ሊጥ ላይ መዳፉን ተጭኖ እንዳነሣው፣ ጠፍጣፋ ነው። ቀኝ ጆሮዋም ከግራው ይልቅ ወደፊት ገፋ ብሏል። ሦስት ወር ሙሉ ሦስት አዋቂ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ኖረን ያላየነውን ነገር፣ ካየነው በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሐኪም በሐኪም ሆነ። እትዬ ብዙነሽ «ቅቤ ቀብቶ፣ በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው» አሉ። ሌላዋ ጎረቤት «ሴት ልጅ አይደለችም እንዴ? ጸጉሯ ሲያድግ ይሸፍነዋል» ብላ ጉዳዩን ልትዘጋው ሞከረች። መዘዞ ያለው ያጎቴ ልጅ በስልክ «ትልቅ ሰው ትሆናለች ማለት ነው» አለኝ፤ በምን አወቅህ ብለው «እንዲያው» አለ። ብሩክ ደግሞ ከስልኩ ላይ ዓይኑን የሚነቅል አልሆነም። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ትራስ አገኘ። ቀጥሎ ደግሞ በውጭ አገር የሕፃናትን ራስ የሚያቃና የራስ ቁር አገኘና ሥዕሉን አሳየኝ። ድቡልቡል ያለ ፈረንጅ ሕፃን ቁሩን አጥልቆ ይስቃል።

«ሞተር ሳይክል ልትነዳ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከቀልድ ማለፉ የገባኝ።

ከምክሩ ሁሉ የከፋው ግን ምክር ያልሆነው ነው። አንዷ ጠያቂ ስትወጣ ደረጃው ላይ ሆና «እናቲቱ አታቅፋትም እንዴ?» ስትል በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና መሠረት ሰማች። እሑድ ምሳ ላይ ብሩክ ሌሊቱን ፈረቃ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ያለወትሮው ከረር ባለ ድምፅ «ቀን አብረሻት የምትውይው አንቺ አይደለሽ? እንዴት ሳታይ ቀረሽ?» አላት።

መሠረት የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ሐኪሞቹ በጀርባዋ አስተኚያት ያሉኝ የወለድኩ ዕለት ነው፤ እንዳትታፈን። እኔ የተባልኩትን ነው ያደረግሁት፣ ብሩክ። ሌሊት ተነሥቼ ትንፋሿን የምሰማው እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የልጄን ራስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ በለኛ!»

አለቀሰች። ብሩክ ደነገጠ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። እፍረቴን ልናዘዝላችሁና፣ በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ቀን የምትውለው እናት ናት፤ እናት ማየት ነበረባት፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ነገር ግን አንደበቴን ያዝኩ። ዳኛ ሲጠራጠር፣ ወይም የልቡን ለመናገር ሲፈራ፣ አንድ የማያሳፍር መሣሪያ አለው። ቀጠሮ ይባላል።

«ጉዳዩ በባለሙያ ይታይ» አልኩ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ከመጨረሻዋ ልጄ አትበልጥም። የአንገትና የጀርባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በእንቅስቃሴ የምታክም ናት፤ «ሲስተር አይደለሁም» ብትልም ሁሉም ሲስተር ይላታል፣ እኛም አልን። ልጅቱን ከሦስቱ ጥቅልል አወጣቻት። አገላበጠቻት። ቀይ ኳስ ከፊቷ ይዛ ወደ ቀኝ ስትወስደው ሶልያና ተከተለች፤ ወደ ግራ ስትወስደው መካከል ላይ ቆመችና አለቀሰች። ሲስተር ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ስትጠባ አንደኛውን ጡት እሺ ብላ ሌላው ላይ ታስቸግራለች?»

«አዎ!» አለች መሠረት። «እኔ ወተቱ ያነሰ መስሎኝ...»

«ወተቱ አይደለም። የአንገቷ ጡንቻ በአንድ በኩል ጠበቅ ብሏል፤ ወደ ግራ መዞር ያስቸግራታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ የዞረችበት ላይ ትተኛለች። አጥንቷ ገና ለስላሳ ስለሆነ እዚያው ጋ ጠፍጠፍ አለ። አንጎሏን ምንም አልነካውም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

መሠረት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ብሩክ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ አላወረደችውም። እኔ ደግሞ በልቤ የሰጠሁት ፍርድ ተሽሮ እግሬ ሥር ወደቀ። ማንም ስላልሰማው ማንም አላነሣውም።

እዚህ ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት? ሲስተር ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም።

«ቤት ውስጥ፣ በምትተኛበት፣ በቀኟ በኩል ምን አለ?»

«መስኮት» አለ ብሩክ።

«ብርሃን ይስባቸዋል፤ እሱም ያባብሰዋል። ሌላስ?»

መሠረት ወለሉን አየች። ብሩክ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመረ።

«ሌላስ?»

«አባባ አሉ» አለች መሠረት ቀስ ብላ። «ወንበራቸው እዚያ ነው። ሬዲዮም ይከፍታሉ።»

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። ሰውን እንዲያ ሳይ ኖሬአለሁ፤ ሰው እኔን እንዲያ ሲያየኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለሦስት ወር «እኔን ነው የምታየው» እያልኩ ለዘመድ አዝማድ የደወልኩት ሁሉ በጆሮዬ አለፈ።

«ትወድዎታለች ማለት ነው፣ አባት» አለችኝ። ቅጣት ማቅለያ መሆኑ ነው።

ከዚያ ትእዛዙን ዘረዘረች። ስትተኛ አሁንም በጀርባዋ ነው፣ እሱ አይለወጥም። ትራስ የለም፤ ቀዳዳ ያለውም የሌለውም። ማሰር የለም። የፍራሿ ራስጌ ወደ ግርጌ ይዙር። የአንገቷን ማፍታቻ እንቅስቃሴ ለመሠረት በእጇ እያሳየች አስተማረቻት። ዋናው ግን፣ ነቅታ ባለችበት ሰዓት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ለአጭር ለአጭር ጊዜ፣ በሆዷ መሆን አለባት፤ ያን ጊዜም ከአጠገቧ የማይለይ ሰው ያስፈልጋል።

«ፊት ለፊቷ፣ ወደ ግራዋ ጠጋ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን። ቁጭ ብሎ አይሆንም፤ ከላይ ከጠሯት ቶሎ ይደክማታል። መሬት ላይ ተኝቶ ነው። ቀን ከእሷ ጋር የሚውለው ማነው?»

የመሠረት የወሊድ ፈቃድ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ብሩክ ፈረቃ ላይ ነው። ሠራተኛ ሁለት ወር ተፈልጎ አልተገኘም። ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ።

«ጉልበቴ ደህና አይደለም» አልኩ። ይግባኝ መሆኑ ነው።

«ጉልበትዎን አይደለም የምንፈልገው» አለች ሲስተር። «ሆድዎን ነው።»

ሰኞ ጠዋት መሠረት ልጅቱን አጥብታ፣ ስማት፣ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሳ፣ ሄደች። እኔ መጋረጃውን ዘጋሁ። ትልቁን ብርድ ልብስ አጥፌ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ኮቴን አወለቅሁ፣ ከዚያ መልሼ ለበስኩት፤ ኮት የሌለው ዳኛ ወለል ላይ ተኝቶ ሲታይ ምን ይባላል? ኮት የለበሰውስ ምን እንደሚባል በዚያች ሰዓት አልታየኝም። ሶልያናን በሆዷ አደረግኋት። አፍንጫዋ ብርድ ልብሱን ሲነካ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ መውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ እጆቼ፣ ቀጥሎ ጸሎት። ከመሬት ስደርስ ልጅቱ አልቅሳ አልቅሳ ጊዜው አልቋል፤ ማንሣት አለብኝ። ለማንሣት ግን መነሣት ያስፈልጋል። ያኔ ሁለታችንም አለቀስን ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

በቀጣዮቹ ቀናት የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ የማውቀው ደግሞ ጥቂት ነው። ቁልፍ አንሿሿሁ። ሳህን በማንኪያ መታሁ። እሹሩሩ ልል አስቤ ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ያለውን አጣሁት፤ ባለቤቴ ለአራት ልጆች ስታዜመው እኔ ከጎን ክፍል ሆኜ «እስቲ ቀስ በሉ» እያልኩ መዝገብ አነብ ነበር። ልጅቱ ትጮኻለች። ችሎት ውስጥ የጮኸብኝን ሰው አስወጥቼ አውቃለሁ። ይህችን ወዴት ላስወጣት?

ዓርብ ዕለት ተስፋ ቆረጥኩና፣ ከምን እንደመጣ እንጃ፣ በዚያ በድሮው ድምፄ «ፀጥታ!» አልኩ።

ፀጥ አለች። ራሷን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣች። አንገቷ እንደ ነፋስ የመታው ሸንበቆ እየተወዛወዘ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ቃሉን ካገኘሁት አልለቅም። «ከሳሽ ቀርቧል፤ ተከሳሽ ቀርቧል፤ ምስክር አልቀረበም» አልኩ። እያዳመጠች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስታውሰውን የመሬት፣ የውርስና የከብት ክርክር ሁሉ ለሶልያና መተረክ ሥራዬ ሆነ። ከጠበቃ የተሻለች አድማጭ ናት፤ አታቋርጥም። ቀስ በቀስ ራሷን ቀና አድርጋ የምትቆይበት ጊዜ ረዘመ። ግን ከመካከል አያልፍም። እኔ ወደ ግራዋ ፈቀቅ ስል ዓይኗን ትነሣኝና ራሷን ጥላ ታለቅሳለች። የግራው በር እንደተዘጋ ነው፤ ሲስተርን ያሳሰባትም ይህ እንደሆነ መሠረትና ብሩክ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ነው። እትዬ ብዙነሽ እኛ በረንዳ ላይ ያሰጡትን ልብስ ሊያወርዱ ይመጣሉ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር። ከሶልያና ጋር ፊት ለፊት ተኝተን አንድ የጠፋች በቅሎ ጉዳይ እየተመለከትን ሳለ በሩ ላይ ሰው ሳል አለ። መሬት ላይ የተኛ ሰው እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው። የላስቲክ ቦቲ ነው፤ የአንኮበር ጭቃ ደርቆበታል። ከዚያ ዱላ። ከዚያ ጋቢ። ከዚያ፣ ሩቅ ላይ፣ ደምሴ።

ደምሴን ላስተዋውቃችሁ። አንኮበር የታች ሰፈር ገበሬ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆናል፣ ከጎረቤቱ ጋር ከአልጋ በማትሰፋ የወሰን መሬት ተካሶ እኔ ፊት ቀርቦ፣ ፈረድኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ይሻገራል። የባለቤቴ ቀብር ላይ መጥቶ አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ነገር ግን «እግዜር ያጥናዎት» ሳይለኝ ሄደ። አሁን እጁ ላይ ከረጢት ይዟል፤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሌላ ሰው ብታጣ፣ እህቴ ዓይኑን ሊታከም ለሚመጣው ለእሱ የሰጠችው መሆኑ ገባኝ።

«እህትዎ በሶ ልከዋል» አለ፣ ለበሩ መቃን።

ልነሣ ሞከርኩ። አንድ ክንዴ ደንዝዟል። ደግሞም ሶልያና ገና ራሷን ማንሣቷ ነው፤ ብነሣ ይፈርሳል። ቀረሁ።

«ግባ፣ ደምሴ።»

«ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም።»

«ወደቁ?»

«አልወደቅኩም። ሥራ ላይ ነኝ።»

እኔን አየ፤ ሕፃኗን አየ።

«እሷስ ምን አጥፍታ ነው?» አለ።

ምርጫ አልነበረኝምና መሬት ላይ እንዳለሁ ሁሉንም ነገርኩት፤ ራሷን፣ አንገቷን፣ ግራውን። በጥሞና ሰማኝ። እኔ የእሱን ጉዳይ በዚያ ዓይነት ጥሞና ስለመስማቴ ጥርጣሬ ገባኝ።

«በግም እንዲህ ያደርገዋል» አለ እኔ ስጨርስ። «ስለዚህ በግራዋ በኩል ሰው ነው የጎደለው።»

ከረጢቱን አስቀመጠ። ቦቲውን በሩ ላይ አወለቀ። ጋቢውን አጥፎ ወንበሬ ላይ አደረገና፣ እኔን ባሳፈረኝ ቅልጥፍና፣ ከልጅቱ በስተግራ በሆዱ ተኛ። ምላሱን ከላንቃው እያጣበቀ በግ የሚጠራበትን ድምፅ አሰማ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሶልያና ቆም አለች። ድምፁ ከዚያ ከማይኬድበት አገር ነው የመጣው። ራሷ ተንቀጠቀጠ። ወደ መካከል መጣ፤ ቆመ። ጠቅ፣ ጠቅ። ከመካከል አለፈ። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ። አገጯ የግራ ትከሻዋን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የደምሴን ትልቅ ጺም አየችና ድድዋን በሙሉ አውጥታ ሳቀች።

«ዞረች!» ብዬ ጮኽኩ። «ደምሴ፣ ዞረች!»

«ይቀመጡ እንጂ፣ ያስደነግጧታል» አለኝ። የተኛ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አልጠየቅሁትም።

ደክሟት ፊቷ ወደ ደምሴ እንደዞረ ጋደም አለች። እኛም ጋደም እንዳልን ቀረን፤ ሁለት ሽማግሌ አንድ ብርድ ልብስ ላይ። 

«ዳኛ» አለ ደምሴ፣ ዓይኑን ከልጅቱ ሳይነቅል። «ያን ጊዜ ወሰኑን መጥተው ሳያዩ ነው የፈረዱብኝ።»

ክረምት ነበር። መንገዱ ጭቃ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስል ነበር። ይህንን ሁሉ ልለው አፌን ከፍቼ፣ አገጬ ብርድ ልብሱ ላይ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ ሌላ ነገር ወጣ።

«አላየሁም» አልኩት።

«እህ» አለ።  እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ።

መሠረት እኩለ ቀን ላይ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ደርቃ ቀረች። አማቷ፣ ልጇና አንድ የማታውቀው ባላገር ወለሉ ላይ ተደርድረው በሆዳቸው ተኝተዋል።

«አባባ... እንግዳ አለ እንዴ?»

«ነይ ተኚ፣ ልጄ» አላት ደምሴ። «ቦታ አለ።»

ደምሴ ለዓይኑ በተቀጠረ ቁጥር እየመጣ ጠራላት፤ በሌለበት ቀን እኔ ጠቅ ማድረጉን ተማርኩ። ብሩክ ከፈረቃ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወለሉ ላይ ይዘረጋ ጀመር። አንድ ቀን ከልጁ ጎን ተኝቶ መሠረትን «ያን እሑድ ያልኩሽን ነገር ተይልኝ» ሲላት ሰማሁ፤ እሷም «መጀመሪያ ወደ ግራ ዙር» አለችው። ቤታችን ውስጥ ይቅርታ የሚጠየቀው ተኝቶ ሆነ። ወራት ካለፉ በኋላ ሲስተር ለካቻት። ጠፍጣፋው በጣም ሞልቷል፣ ጆሮዋ ተመልሷል፣ አንገቷ እንደ ልብ ይዞራል፣ ትንሽ የቀረ ነገር ቢኖርም ከዕድሜዋ ጋር ይስተካከላል አለች። «ደግሞ ከሁለቱም ወገን እኩል የሆነ ራስ ያለው ሰው እኔ አላየሁም» ብላ ጨመረች። ይባስ ብሎ የሶልያና ጸጉር ወጣ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጸጉር። የደከምንበትን ሁሉ ሸፈነው። አሁን ለማን ነው የማሳየው?

ልጅቱ መዳህ ከጀመረች ወዲህ ደግሞ እኛን አትፈልግም። ብርድ ልብሱን ስናነጥፍ በላዩ አልፋ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መሠረት ተከትላት ሄዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ እኔና ብሩክ ቀረን። ብሩክ እንደ ልማዱ በሆዱ ተዘርግቶ ሊተኛ ነው። ጠዋት ጸጉር ቤት ሄዶ ጸጉሩን ከሥሩ አስላጭቷል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ገብታ የራሱን ኋላ መታችው።

በስተግራ በኩል ጠፍጣፋ ነው። መዳፍ የሚያህል።

ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ አሁን መውረድ አያስቸግረኝም፤ አጠገቡ ወረድኩና እጄን አሳረፍኩበት። ልክ መጣ።

«ምነው አባዬ?»

«ይህ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ራስህ።»

«ድሮም እንዲህ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እማዬ ኮፍያ አይሆንህም እያለች ትስቅ ነበር። አላዩትም?» ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

አንኮበር ልጆቹ ይተኙበት የነበረውን ክፍል ለማስታወስ ሞከርኩ። አልጋቸው ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር። ለተኛ ሰው መስኮቱ በስተቀኝ ነው፤ በግራ በኩል መስኮት የለም። በግራ በኩል ያለው በር ነው፤ እኔ ማታ ማታ የምገባበት።

የሕግ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ጉዳይ በይርጋ የታገደ ነው፤ ቢቀርብም አይሰማም። ከሳሹም ቢሆን እያንኮራፋ ነው። እጄን ግን አላነሣሁም።